የዋጃው መርፌና የአባቴ ዓይን

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችና "አክስቴ፣ እስቲ ይኸን እይው" አለችኝ። ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት ሌላይቱን ሴት ከዓይኗ ሥር በቀጭን መርፌ እየወጋች ትሞላለች። "ፊለር ይባላል። ጎድጓዳ ዓይን ይሞላል። እኔም ላሠራ ነው" አለች፣ ቀሚስ ላሰፋ ነው እንደሚል ሰው። ዓይኗን አየሁት። ገባ ያለ ነው፣ ከሥሩ ጥላ አለበት። የአባቴ ዓይን ነው፤ እናቷም እኔም ይዘነው የተወለድነው። ሻሼን ገለጥ አድርጌ የቀኝ ዓይኔን ሥር በጣቷ አስነካኋት። ጠጠር የመሰለ ነገር አገኘችና እጇን ሰበሰበች። "ተቀመጪ" አልኳት። ለእሷ ያወራኋትን ነው አሁን ለእናንተ የማወራችሁ። ብትስቁብኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም በራሴ ብዙ ስቄያለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ። እኔ ሰዓዳ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቆቦ ገበያ ሳሙና፣ ማበጠሪያ፣ ኩልና ቫዝሊን እቸረችራለሁ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ አባቴና የእናቴ እህት ከድጃ ናቸው። ቫዝሊኑ ከጅቡቲ በኩል በአፋሮች ግመል ተጭኖ የሚገባ፣ በክብ ጣሳ የታሸገ ነው። የገበያተኛን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ከሌላ ነጋዴ የገዛውን ጣሳ ግማሹን ተቀብቶ ሲያበቃ ይዞብኝ ይመጣና "ካንቺ ነው የገዛሁት፣ ተበላሽቷል፣ ቀይሪልኝ" ይላል። ዓይኑን በጨው አጥቦ። በዚህ ስለተማረርኩ የምሸጠውን ጣሳ ሁሉ ከታቹ በምስማር ምልክት አደርግበት ጀመር፤ ሁለት ጭረትና አንድ ነጥብ። ምልክቱ የሌለበትን ያመጣብኝን አፍንጫህን ላስ ብዬ እመልሰዋለሁ።

ዓይኔ ግን ያኔ ጠላቴ ነበር። ዛሬ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው እንቅልፍ አጥቶ ይሆናል ይባላል። ያኔ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረሀብ። በድርቁ ጊዜ እህል ሲታደል መዝጋቢው ሌላውን በጥያቄ ያፋጥጥና እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኔን አይቶ ሳይጠይቅ ይጽፈኝ ነበር። ድርቁ አልፎ የሰው ሁሉ ፊት ሲመለስ የኔ እዚያው ቀረ። የገበያ ሴቶች "ድርቁ ያልለቀቃት" የሚል ስም አወጡልኝ። የእነሱም ጉንጭ የሞላው በእርዳታ ዱቄት ነበር፤ ግን እሱን ማን ያነሳዋል።

እንዲህ ሳለሁ ነው የኑሩ ነገር የመጣው። ኑሩ የሮቢት ልጅ ነው፤ አሰብ ወደብ ላይ ዕቃ ያወርዳል። ዘመዶቹ ስሙን ሲጠሩ ግን ወደቡን የገዛው ነበር የሚመስለው። አጎቱ ሽማግሌ ልኮ አባቴ እሺ ካለ በኋላ ሰውዬው "መጀመሪያ ፎቶዋን ልያት" ብሎ ላከ። ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው አዝኖልኝ ነው መሰል፣ ሳይጠይቀኝ ፊልሙ ላይ በቀጭን እርሳስ ነካክቶ ከዓይኔ ሥር ያለውን ጥላ አጠፋው። ፎቶው ላይ ያለችውን ልጅ አላውቃትም። ግን ወደድኳት፤ ፖስታ ውስጥ ከትቼም ላክኋት።

መልሱ በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር እጅ መጣ። "ዓይኗን ወድጄዋለሁ፤ ጠግቦ ያደገ ሰው ዓይን ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መጥቼ ነገሩን እንጨርሳለን" ይላል። ሴትን እንደ ሰንጋ በጥጋቧ የሚመርጥ ምን ዓይነት ወንድ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ እቴ! እኔን ያስጨነቀኝ ያን ዓይን እስከ ቅዳሜ ከየት እንደማመጣው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ጊዜ ለሴት ልጅ ቀላል አይደለም፤ ይኸ ሰው አይቶኝ ቢመለስ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን የሚረግጥ ሽማግሌ አይኖርም።

በዚያው ሰሞን አንድ ራሰ በራ ሰውዬ መደቤ ላይ መጥቶ ያለኝን ቫዝሊን ጠቅልሎ ገዛኝ። ስድስት ጣሳ። ፀጉር የሌለው ሰው ይኸን ሁሉ ቫዝሊን ምን ሊያደርገው ነው ብዬ ገርሞኝ ጠየቅሁት።

"ለቆዳ በሽተኞች ነው። የዋጃው ሐኪም ሲባል አልሰማሽም? እኔ ነኝ" አለኝ።

ሰምቻለሁ። ወታደር ቤት ቁስል ያጥብ የነበረ፣ ጡረታ ወጥቶ ዋጃ ላይ መርፌ የሚወጋ ሰው ነው። ጣሳዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ከከተተ በኋላ ቀና ብሎ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ።

"ይኸ ዓይንሽ እኮ የሚሞላ ነው" አለ።

"በምን ይሞላል?"

"በመርፌ ነዋ። ከግመል ሻኛ የተጣራ ዘይት አለኝ፣ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ። ግመል ያለ ውሃ ያን ሁሉ በረሃ የምታቋርጠው በምኗ ነው?"

"በሻኛዋ።"

"በቃ። ዓይንሽ ሥር ገብቶ እዚያው ተጠራቅሞ ይኖራል። ሁለት መርፌ ነው፤ አንድ ለቀኝ አንድ ለግራ።"

እስቲ አሁን የራያ ቆላ ሰው ሆናችሁ ፍረዱ። በሻኛዋ የማትኖር ግመል አይተን አናውቅም። ደግሞ በዚያ ጊዜ ክኒን ሰጥቶ የሚሸኝ ሐኪም ሐኪም አይባልም፤ ያልወጋ ሐኪም ምኑን አከመ? ግመልና መርፌን አንድ ላይ አድርጎ ላመጣልኝ ሰው እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ። ቅዳሜ ሊደርስ ስምንት ቀን ቀርቶት ለአክስቴ ከድጃ ነገርኳት፤ እሷም "አላህ ነው የላከልሽ" አለች። ለአባቴ አልነገርነውም። እርሻ ላይ ስለነበር መንገዳችንን አላወቀም።

ያኔ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የቀበሌው ጸሐፊ እስክሪብቶውን አንስቶ "ጉዳይሽ?" አለኝ። "ዋጃ ዘመድ ልጠይቅ" አልኩት።

"በዚህ ሳምንት አንቺ ስድስተኛዋ ነሽ። የቆቦ ሴት ሁሉ ዘመድ ዋጃ ገብቷል ማለት ነው" አለና ማህተሙን መታው። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ስድስተኛ መሆኔን ስሰማ ወረፋ እንዳይበዛ ነው የፈራሁት።

ዋጃ ስንደርስ የሰውዬው ቤት ከአንድ ሻይ ቤት ጀርባ ነው። ግድግዳው ላይ ቀይ መስቀል በቀለም ተስሏል፣ የተንጋደደ። ደጁ ላይ አምስት የዋጃ ሴቶች ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተደርድረዋል፤ ሰው እንዳያያቸው ነው፣ ግን ሁሉም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ከቆቦ ለመጣ ሰው ቅድሚያ እሰጣለሁ ብሎ ከድጃንና እኔን አስገባን። ውስጥ የላምባ ምድጃ ላይ ውሃ የሞላ ድስት ይፈላል፣ የብርጭቆው መርፌም አብሮ። ድስቱ መሀል ሌላ ነገር በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

"ዘይቱ ካልሞቀ አይገባም" አለ ሳልጠይቀው። "ቢስሚላህ በይና ጨፍኚ።"

ቢስሚላህ አልኩ። መርፌው ሲገባ ስቃዩን አልነግራችሁም፤ ግን ከሥሩ የሚፈሰው ነገር ሙቀቱ እስከ ጥርሴ ሥር ተሰማኝ። ቀጥሎ በአውራ ጣቱ እየተጫነ እንደ ሊጥ አስተካከለው። ከድጃ እጄን ይዛ "አብሽሪ፣ አብሽሪ" ትላለች። ሲጨርስ መስታወት ሰጠኝ።

እውነቱን ልናገር? ሞልቷል። መርፌው ያቀላውን ቦታ ትቶ ሌላው ልክ እንደ ፎቶዋ ልጅ ነው። ከድጃ "ማሻ አላህ" አለች። እኔ ደግሞ የገበያ ሴቶችን አንድ በአንድ በሐሳቤ እየጠራሁ ሳፌዝባቸው፣ በዚያ አንድ ዓይን ብቻ እንዲህ ከኮራሁ በሁለቱ ምን ልሆን ነው ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ምን ያህል ቀላል ሰው እንደነበርኩ ከዚህ እወቁ።

"አሁን ግራውን" አለ ባለመርፌው። ጨርቁን ገለጠና ከድስቱ ውስጥ አንድ ጣሳ በጉጠት አወጣ። ዘይቱ ወደ ታች ደርሶ ነበር መሰል፣ መርፌው የቀረውን እንዲስበው ጣሳውን ወደ ራሱ አዘነበለ። የጣሳው ታች ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ጭረትና አንድ ነጥብ።

አንድ ጊዜ ጨፍኜ ገለጥኩ፤ ምልክቱ እዚያው ነው፣ በእጄ የጫርኩት።

"ይኸ ጣሳ የኔ ነው" አልኩ።

"የምን ያንቺ? ቀና በይ፣ ይበርድብኛል።"

"ቫዝሊን ነው። እኔ ነኝ የሸጥኩልዎት። የግመሉ ሻኛ የታለ?"

ሰውዬው ቢያፍር እኮ ምናለ። መርፌውን እንደያዘ፣ ልጅ እንደሚመክር ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስሚ፣ ዘይት ዘይት ነው። የግመሉ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ። ይኸም ንጹሕ ነው፣ አንቺ ራስሽ የምትሸጪው ዕቃ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። በሩ ላይ ቆመብኝ።

"አንዱን ሞልቼ አንዱን ትቼማ አልሰድሽም። እንዲህ ሆነሽ ቆቦ ገበያ ብትታዪ ስሜ ይጠፋል" አለ። ዓይኔ አይደለም ያሳሰበው፤ ስሙ ነው።

የባሰው ከድጃ ናት። ነጠላዬን ጎተተችኝና "ልጄ፣ ከገባ ገብቷል፤ ግራውንም ይሙላልሽ። ቅዳሜ አንዱ ሞልቶ አንዱ ጎድሎ እንዴት ትቀርቢያለሽ?" አለችኝ። ወላሂ፣ ለአፍታ አሰብኩት። ቫዝሊን መሆኑን እያወቅሁ፣ ጣሳዬን እያየሁ፣ ለኑሩ ዓይን ብዬ ልቀመጥ ነበር። ያተረፈኝ ብልሃት አይደለም። ቀኙ ያን ጊዜ በሹል ነገር እንደተወጋ ወጋኝና ሰውዬውን ገፍቼ ወጣሁ።

ደጅ ላሉት ሴቶች "ቫዝሊን ነው የሚወጋችሁ፣ ከኔ ገዝቶ ነው" አልኳቸው። አንዷ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቀኜን አየችና "የሞላልሽንማ አይተናል። ለአንቺ ሆኖ ለእኛ ሲሆን ነው ቫዝሊን የሚሆነው?" አለችኝ። ማንም አልተነሳም። ቀጣይዋ ገባች።

በዚያው ቀን ቆቦ ሳንደርስ ፊቴ ማበጥ ጀመረ። በማግስቱ ቀኝ ዓይኔ አልከፈት አለ፤ ትኩሳትም ያዘኝ። ከድጃ የሞቀ ጨርቅ ብታደርግበት ባሰበት። አባቴ ማምሻውን ከእርሻ ሲመለስ ወደ ግድግዳ ዞሬ ተኛሁ፤ "ራሷን አሟት ነው" አለችው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆንን። የግራ ዓይኔን በእጄ እሸፍንና በቀኙ ግቢ ውስጥ ያለውን ነጭ አውራ ዶሮ ለማየት በጣቴ የዓይኔን ቆብ እገልጣለሁ። መጀመሪያ ቀን ዶሮው ይታየኛል። ሁለተኛው ቀን ነጭ ነገር ብቻ። ሦስተኛው ቀን ዶሮው ሲጮህ እሰማለሁ እንጂ አላየውም። ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። አባቴ ሮጦ ገባ፣ ፊቴን አየ፤ አዝሎ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት፣ በአደባባይ፣ በአባቷ ጀርባ።

ጤና ረዳቱ ተጭኖ አየና "ምን አስገባሽበት?" አለ።

"ቫዝሊን።"

"እያወቅሽ?"

"ስሸጠው አውቄ ነው። ስወጋው ሳላውቅ።"

አባቴ አጠገቤ ቆሟል። ዞሬ አላየሁትም። ጤና ረዳቱ ቀደደና መግሉን አወጣው፤ "ቅባቱ ግን ከሥጋሽ ጋር ተያይዟል፣ እሱን ማውጣት አልችልም። ማየት አለማየትሽን እሑድ ፋሻው ሲፈታ ነው የምናውቀው" አለ። ኑሩ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። አባቴ "ቅዳሜውን እናስተላልፍ" አላለም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኑሩ ከአጎቱ ጋር መጣ። የአሰብ ሸሚዝ፣ የአሰብ ሽቶ፣ ከፊት ኪሱ ብቅ ያለ ፎቶ። ከድጃ "ዓይኗን አሟት ነው" ብላ አቀረበችኝ። ቀኜ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ግራዬ እንደተፈጠረ ነው። ሰውዬው ፎቶውን አወጣና አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ገበያ ላይ የጊደር ጥርስ የሚቆጥር ነው የሚመስለው።

"ፎቶው ላይ ያለችው እህቷ ናት?" አለ ለአጎቱ።

"ራሷ ናት" አለች ከድጃ።

"እንዴት ራሷ ትሆናለች? ይኸ እኮ የሰባ ሰባት ዓይን ነው። እኔ የጠገበ ቤት ልጅ ነው የጠየቅሁት፤ የተራበ ቤት ልጅ አላልኩም።" ይኸን የሚለው ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። አባቴን ቀና ብሎ ቢያየው ዓይኑን ያገኘው ነበር፤ እሱ ግን ከፎቶው ላይ ፊቱን አላነሳም።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ፎቶውን ተቀበለው። ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየው። እስከዚያ ቀን አይቶት አያውቅም ነበር።

"ይኸን ዓይን ፎቶ አንሺው ነው የሠራው" አለ። "ልጄ ላይ ያለው የኔ ነው፤ ከኔም በፊት የአባቴ። በጥጋቡም ዘመን እንዲሁ ነበር። አንተ የወደድከው ይኸን ወረቀት ነው፤ እንካ፣ አግባው።" ፎቶውን የኑሩ ጭን ላይ አስቀመጠለት።

አጎትየው "ኧረ በአላህ፣ ልጅ ሆኖ ነው እንዲህ የተናገረው" ብሎ ሊያበርድ ሞከረ። አባቴ ቆሞ በሩን ከፈተላቸው። ኑሩ ሲወጣ ፎቶውን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከቶት ነው የሄደው። እንግዲህ የት እንዳገባው እንጃለት።

ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሰዓዳ" አለኝ፣ "ዓይኔ ምን አደረገሽ?"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ያሾፉብኝን፣ ያሙኝን፣ የመዘገቡኝን ሁሉ ልነግረው አፌን ከፈትኩና አንዱም መልስ አልሆን አለኝ። አለቀስኩ፤ በአንዱ ዓይን። እሱም ጥያቄውን ሁለተኛ አላነሳውም፤ እስኪሞት ድረስ።

እሑድ ፋሻው ሲፈታ ብርሃን አየሁ፣ ቀጥሎ የጤና ረዳቱን ጣቶች። ሁለት አልኩት፤ ሁለት ነበሩ። ጠጠሩ ግን ቀረ፤ ይኸው ከዚያ ዘመን ጀምሮ አብሮኝ አርጅቷል። በኋላ ደግሞ በዋጃ በኩል ሳልፍ ከእነዚያ ደጅ ካሉት ሴቶች አንዷ ዓይኗ ጠፍቶ በዘመድ እጅ ስትመራ አየኋት። ሰላም አልኳት፤ በድምፄ አላወቀችኝም። ባለመርፌው አገር ጥሎ ጠፋ። የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

የእህቴ ልጅ ይኸን ሁሉ ሰምታ "የአሁኑ እኮ ሌላ ነው አክስቴ፤ መድኃኒቱም ሌላ፣ ሐኪሙም የተማረ" አለችኝ። ይሆናል። እናንተም እንደዚያ ትሉ ይሆናል፣ አልከራከራችሁም። እኔ ስለ መድኃኒት አላውቅም፤ የማውቀው ስለ ቫዝሊን ነው። ደግሞ መርፌው ቢያምርም ባያምርም፣ ወደ ዋጃ የወሰደኝ መርፌው አልነበረም። የአንድ ዕቃ አውራጅ ደብዳቤና የገበያ ሴቶች አፍ ነው የወሰደኝ። ሁለቱም ዛሬ የሉም፤ ጠጠሩ ግን አለ።

ከዚያ "አያቴ ምን ይመስል ነበር?" አለችኝ። ሳትወለድ ነው የሞተው። ፎቶ የለውም፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፎቶ ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መስታወቱን አመጣሁና ከጎኗ ተቀመጥኩ። የፊቴን ቀኝ በመዳፌ ሸፈንኩት።

"ይኸው" አልኳት። "እኔ ጋ በግራ በኩል ብቻ ነው የቀረው። ሙሉውን ማየት ከፈለግሽ ራስሽን እይ።"